የሰባተኛ ክፍል ሳምንት፦ አንድ ዱላ፣ ሁለት ኔጋቲቮችና ባለቤት ያጣ ጫማ

የዚህ ሳምንት ዋና ዜና በግቢው መካከል የተተከለው ዱላ ነው። ልጆቻችሁ ከማክሰኞ ጀምሮ የአንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገው አቁመው ጥላውን ሲለኩ ሰነበቱ። የሌላ ክፍል ተማሪዎች «ምን ጠፍቷችሁ ነው መሬት መሬት የምታዩት?» እያሉ ሲስቁባቸው ነበር፤ ዓርብ ዕለት ግን ሳቂዎቹ ራሳቸው ማስመሪያ ይዘው ተራ ሲጠብቁ አየኋቸው። ስለዚህ ልጃችሁ የሱሪውን ጉልበት አፈር አልብሶ ከመጣ ምክንያቱ ተንበርክኮ መለካቱ ነው። በሌላ ጉዳይ አልገባም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ጠበቃው እኔ ነኝ።

የሥራው አካሄድ ቀላል ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ በየሩብ ሰዓቱ የጥላው ጫፍ ባረፈበት ቦታ ጠጠር ይቀመጣል፤ ርዝመቱ ተለክቶ በሰንጠረዥ ይመዘገባል። ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ጽፎ አስረክቦኝ ነበር። ጥላው ከሁሉም የሚያጥረው ልክ በስድስት ሰዓት ነው የሚለው ግምት ክፍሉን ጠቅልሎ ወሰደው። ጠጠሮቹ ግን አልተስማሙም። መጀመሪያ ሰዓቱ ተጠረጠረ፤ ቀጥሎ ዱላው፤ ከዚያም ጠጠር አስቀማጮቹ። ሦስቱም ነጻ ከወጡ በኋላ ነው ፊታችንን ወደ ፀሐይ ያዞርነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ፀሐይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። የምንሠራበት ሰዓት ግን ሰፊ አካባቢ በጋራ እንዲጠቀምበት የተወሰነ ነው። በአንድ አገር ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ሰዓታቸው አንድ ቢሆንም ቀትራቸው፣ ማለትም ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትልበትና ጥላ ከሁሉ የሚያጥርበት ሰዓት፣ አንድ አይደለም። በዚህ ላይ መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ ባለመሆኑና ዘንጓም ዘንበል ያለ በመሆኑ እውነተኛው ቀትር በዓመቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ልዩነቱ በአንዳንድ ወቅት እስከ 16 ደቂቃ ይደርሳል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሰዓት እንኳ በስምምነት የሚሠራ ነገር መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ቅሬታ ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር።

ከሳምንቱ ሁሉ የወደድኩት ግን አንድ አቤቱታ ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ ወደ እኔ መጥታ «ይህ ሥራ አይሠራም፤ ቀትር አካባቢ ጥላው ቆሟል፤ የትኛው ጠጠር አጭሩ እንደሆነ መለየት አይቻልም» አለችኝ። ትክክል ናት። ጥላው ወደ ትንሹ ርዝመቱ ሲቃረብ ለውጡ በማስመሪያ የማይያዝ ይሆናል። መፍትሔውን ከመናገር ተቆጥቤ «እንግዲያው በደንብ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ብንይዘውስ?» ብዬ ተውኳት። በማግስቱ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ዱላውን መካከል አድርጋ በገመድና በጠመኔ ክብ ሠራች። የጥላው ጫፍ ከቀትር በፊት ክቡን የነካበትን ነጥብ ምልክት አደረጉ፤ ከቀትር በኋላም እንደገና እስኪነካው ጠበቁ። ሁለቱን ነጥቦች ከዱላው ሥር በመስመር አገናኝተው መካከላቸው ያለውን ማዕዘን እኩል ለሁለት ሲከፍሉት የሰሜንና ደቡብ መስመር ተገኘ። ኮምፓሱን ከመሳቢያዬ ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። መርፌው ከመስመራቸው ትንሽ ወጣ ብሎ ቆመ፤ መሬት የምትዞርበት ዘንግ ጫፍና የማግኔቷ ሰሜን አንድ ቦታ ላይ ስላልሆኑ ኮምፓስ በአብዛኛው ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ጠመኔው ከኮምፓሱ የተሻለ ነገር ተናግሯል ብላ ደብተሯ ላይ ጽፋለች፤ ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሳሁባትም።

ዱላውን ካነሳን በኋላ የተከተለው ታሪክ የኤራቶስቴንስ ነው። ከ2,200 ዓመት በፊት ገደማ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ዕለት፣ በቀትር፣ ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ስለምትውል የጉድጓድ ውኃ እስከ ታች ይበራል የሚል ወሬ ይሰማ ነበር። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ የቆመ ነገር ግን ጥላ አለው። ማዕዘኑን ለካው፤ የሙሉ ክብ ሃምሳኛ ሆኖ አገኘው፤ ይህም 7.2 ዲግሪ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በ50 ቢባዛ የመሬት ዙሪያ ይገኛል። ርቀቱን 5,000 ስታዲያ (የዚያ ዘመን የርቀት መለኪያ) ብሎ ይዞ 250,000 ስታዲያ ላይ ደረሰ። የእሱ ስታዲያ በእኛ ሜትር ስንት እንደነበር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኛ ግን ክርክሩን ትተን በሁለቱ ከተሞች መካከል 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘን በ50 አባዛን። 40,000 ኪሎ ሜትር ወጣ። የመሬት ዙሪያም ወደዚያው ነው። አስዋን ከእስክንድርያ ትክክለኛ ደቡብ ላይ አለመሆኗንም ለተማሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። አንዳንድ መምህራን ታሪኩ እንዲያምር ይህን ይዘሉታል፤ እኔ ግን ልጆች ታላላቅ ሰዎች በግምት ይሠሩ እንደነበር ማወቃቸው ታሪኩን ያሳምረዋል ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የምጽፍላችሁ ለጌጥ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል «ምንም» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ አጭሩን መልስ ይመርጣል። «ጥላው ለምን በስድስት ሰዓት አላጠረም?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ወይ ያስረዳችኋል፣ ወይ ይንተባተባል፣ ወይ ደግሞ «አንተ አታውቀውም» ብሎ ይኮራባችኋል። ሦስቱም ለእኔ ጥሩ ውጤት ናቸው። «ስንት አገኘህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ወሬውን በአንድ ቁጥር ይዘጋዋል። እሱን ለካርድ መቀበያ ቀን አቆዩት።

ወደ ሒሳብ እንለፍ። ድፍን ቁጥሮችን ማባዛት ጀምረናል፤ ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል የሚለው ጥያቄም በየዓመቱ በሚመጣበት ሰዓት መጥቷል። ብራህማጉፕታ የተባለው ሕንዳዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ628 የእነዚህን ቁጥሮች ደንብ ሲጽፍ ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጋቲቩን ዕዳ ብሎ ነበር። ለመደመር ይህ እጅግ ይመቻል፤ 5 ያለው ሰው 8 ዕዳ ቢመጣበት 3 ዕዳ እንደሚቀርበት ለማንም ግልጽ ነው። ማባዛት ላይ ስንደርስ ግን ምሳሌው አፍጥጦ ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ዕዳ በዕዳ ተባዝቶ ሀብት ከሆነማ ሁለት ጊዜ ልበደር» አለ፤ ሳቁ እስከ ጎረቤት ክፍል ተሰምቶ የጎረቤት መምህሩ በር ላይ መጡብን።

ስለዚህ ዕዳውን ትተን ሰሌዳው ላይ መደዳ ጻፍን። 3 ጊዜ ኔጋቲቭ 2፣ ኔጋቲቭ 6 ነው። 2 ጊዜ ኔጋቲቭ 2፣ ኔጋቲቭ 4። 1 ጊዜ፣ ኔጋቲቭ 2። 0 ጊዜ፣ 0። መልሱ በእያንዳንዱ እርምጃ በ2 እየጨመረ ነው። ቀጣዩ መስመር ኔጋቲቭ 1 ጊዜ ኔጋቲቭ 2 ነው፤ መደዳው እንዳይሰበር መልሱ ፖዘቲቭ 2 መሆን አለበት። ጠመኔውን ለተማሪ ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ ቀሪውን እነሱ ሞሉት። ልጃችሁ ወረቀት ላይ ይህን መደዳ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ሁለት ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው፣ «ደንቡ እንዲህ ነው፣ ሸምድደው» አትበሉት። ሁለተኛው፣ «እኔም በልጅነቴ ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር» አትበሉት። ይህን የምትሉት ልታጽናኑት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ የሚሰማው ግን ሒሳብን መተው በዘር የሚወረስ መሆኑን ነው። ስትረሱት «እስቲ አብረን እንየው» ማለት ይበቃል፤ ባታውቁትም አስተማሪ ሆኖ መቀመጥን ይወዳል።

በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ዜና አጻጻፍ ይማራሉ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። የቋንቋ መምህሩ «ዜና የምትጽፈው የክፍል ኃላፊያችሁ እዚሁ አለች፤ ሄዳችሁ አርሟት» ብለው ሁለት ዘጋቢዎች ላኩብኝ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ ተራ ይገባሉ። የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ሰጥቻቸው ነበርና «ተማሪዎቹ በታላቅ ደስታ ለኩ» የሚለውን መስመር ሰረዙት። አንደኛዋ «ደስታቸውን በምን ለኩት?» ብላ አፋጠጠችኝ። ሌላው ደግሞ በመለኪያ ሜትሩ ላይ የተነሳው ጠብ ካልገባ ዜናው ሙሉ አይደለም ብሎ ጸና። እሺ፣ ይግባ፦ ሐሙስ ዕለት ሁለት ቡድኖች በአንድ መለኪያ ሜትር ተጣልተው የጥላው ሰዓት አለፈባቸው፤ በሰንጠረዣቸው ላይ ሁለት ባዶ ሣጥን አለ። ባዶዎቹን በግምት እንዳይሞሉም ከልክያቸዋለሁ። ለምን ባዶ እንደሆኑ ከሥሩ እንዲጽፉ ነው ያዘዝኩት፤ የጻፉትም ከሁለቱም ወገን እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አባት ላነሱልኝ ጥያቄ መልስ ልስጥ። «ልጄ ጎበዝ ሆና ሳለ ለምን ስሟ በዜናው አይጠቀስም?» ብለውኛል። የማንም ስም አይጠቀስም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መታየት ይፈልጋል፤ በታየ ማግስት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ሲመሰገን የሚቀላውን ያህል ሲወቀስ አይቀላም። ክቡን የሠራችውን ልጅ ስም ብጽፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አቤቱታ ይዛ እንደማትመጣ እርግጠኛ ነኝ። ቤት ውስጥ ግን ማን እንደሆነች ራሷ ትነግራችሁ ይሆናል፤ ያ የእሷ ፈንታ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእናትና ለአባት ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉልኝ። ከክፍላችን ልጆች አያት የሚያሳድጓቸው አሉ፤ ታላቅ እህት የምታስጠናቸውም አሉ። አንዲት አያት ባለፈው ሳምንት ስላነሳነው የክፍልፋይ ጥያቄ በልጅ ልጃቸው ደብተር ጀርባ ላይ የራሳቸውን ስሌት ልከውልኛል። አሠራሩ ከእኔ ያጥራል። ለክፍሉም አሳየሁት።

የሳይንስ መምህሯ የላኩት መልእክት ይህ ነው፦ ከሰኞ ጀምሮ ስለ እፍጋት ይማራሉ። እፍጋት መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የውኃ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ያህል፣ የበረዶ 0.917 ግራም ገደማ ነው። በረዶ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ከአካሉ አሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከታች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤት አንድ ትንሽ ዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል የሚለውን ከቤተሰቡ ጋር ተከራክሮ ግምቱን ይጻፍ። ስልክ ዕቃ ተብሎ እንዳይመጣ። መርከብ ከብረት ተሠርቶ ለምን አይሰምጥም የሚለውን ጥያቄ አስቀድማችሁ አትመልሱት፤ መምህሯ ሁለት ክፍለ ጊዜ አዘጋጅተውለታል፤ እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታጠፉባቸው ያዝናሉ።

የቡድን ሥራውን በተመለከተ፣ ስለ ውኃ ዑደት የሚሠራው ሰሌዳ ሐሙስ ይቀርባል። በወላጅ እጅ የተሠራ ሥራ ወዲያው ይታወቃል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ሙጫው ያልፈሰሰ፣ ቀለሙ ከመስመር ያልወጣ ሥራ ከ13 ዓመት ልጅ እጅ አልፎ አልፎ ይወጣል፤ ከአምስት ቡድን በአንድ ሌሊት አይወጣም። ሙጫ መግዛት፣ መቀስ ማዋስ፣ ጠረጴዛ መልቀቅ የእናንተ ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲያ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ከቡድኑ አንዱ ብቻ እየሠራ ሌሎቹ ያያሉ የሚል ቅሬታም ደርሶኛል። ሐሙስ ዕለት ከቡድኑ ማን እንደሚያቀርብ ዕጣ አወጣለሁ፤ ይህን ለልጆቹ ዛሬ ስነግራቸው ድንገት ሁሉም የሌላውን ክፍል ማንበብ ጀምረዋል።

ረቡዕ የሒሳብ ፈተና አለ። ድፍን ቁጥሮችን መደመር፣ መቀነስና ማባዛት፤ ማካፈል አልገባም። ፕሮትራክተርና ማስመሪያ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ከሚያጠና ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ የሚያጠና ይሻለዋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ያጠናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት እንደሚረሳና በቀናት ተከፋፍሎ የተደጋገመ ጥናት እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። የሚረዳው ጥናት ደብተር ገልጦ ማየት አይደለም፤ ደብተሩን ዘግቶ የትናንቱን ጥያቄ እንደገና መሥራት ነው። ቤት ውስጥ ልትረዱት ከፈለጋችሁ ጥያቄውን አንብቡለትና ደብተሩን እናንተ ያዙት።

ስለ እንቅልፍ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የማስተምረው እኔ ነኝና። በጉርምስና ወቅት ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የሚያመነጨው ቀድሞ ከነበረው ዘግየት ብሎ ነው። ልጁ በሦስት ሰዓት ተኛ ሲባል እንቅልፍ አልመጣም ቢል ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው ይላል። ክፍላችን ውስጥ ሁለቱም ዕድሜ አለ፤ ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት አታሳንሱ። ዘግይቶ የሚመጣውን እንቅልፍ ይበልጥ የሚያዘገየው አልጋ ውስጥ የሚገባው ስልክ ነው። ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። «ለማንቂያ ነው» ቢላችሁ ራሱን የቻለ የማንቂያ ሰዓት መኖሩን አስታውሱት። እኔ በመምህርነት ካየሁት፣ ጠዋት ዓይኑ የሚከደን ልጅ በአብዛኛው ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ ማታ ጓደኞቹ ያለ እሱ እንዳይስቁ ዘብ ሲቆም ያደረ ልጅ ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት እንገባለን፤ የተዋሳችሁት መጽሐፍ ይመለስ። የፊታችን ሰኞ የመፈረሚያ ወረቀት በልጆቹ ቦርሳ ይላካል፤ ቦርሳው ሥር ተጨማድዶ ስለሚቀር ራሳችሁ ፈልጉት።

የጠፉ ዕቃዎች፦ ሁለት ሹራብ፣ አንድ የውኃ ኮዳ፣ ክዳን የሌለው የእርሳስ ሣጥን፣ እንዲሁም አንድ የስፖርት ጫማ፣ የግራ እግር። ባለቤቱ ዓርብ ዕለት በምን እግሩ ቤቱ እንደገባ ዘጋቢዎቹ ማጣራት ጀምረዋል። የምታውቁ ካላችሁ እስከ ማክሰኞ ድረስ ላኩብኝ፤ ጫማው ከጠረጴዛዬ ሥር ነው፤ እንደ ሽታው ከሆነ ብዙ ላቆየው አልችልም።